የበር ላስቲክና የማስቲሽ ነገር

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አጋማሽ ለሥራ ጕዳይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሳለሁ፣ በቡሬ የሚሠራ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን አገኘሁት። «ነገ ወደ ቡሬ ስመለስ ይዤህ እሄዳለሁ፤ በአውቶቡስ ምን ያንገላታሃል?» አለኝ። እኔም ግብዣውን በደስታ ተቀበልሁ። በማግሥቱ ጧት ከኦቶሞቢሉ አጠገብ ስንደርስ ጓደኛዬ ሁለት ፌስታል ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «ጫማህን በእነዚህ ጠቅልል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም፤ የራሱን ጫማ አውልቆ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠና ገበሬ ለጭቃ የሚያደርገውን ቦቲ አጠለቀ።

ማንኩሳን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ። ያን ጊዜ የፌስታሉ ምሥጢር ተገለጠልኝ። በበሩና በጣራው መገናኛ በኩል ውሃው በመጀመሪያ ጠብ ጠብ እያለ ጕልበቴ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎም ቀጭን ጅረት ሠርቶ በበሩ ውስጠኛ ገጽ እየተንሸራተተ ወደ እግሬ ሥር ተጠራቀመ። የበሩ ላስቲክ ከላይኛው ማዕዘን ተላቆ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥሏል፤ መንገዱ ባንገጫገጨን ቍጥር ጕንጬን በጥፊ ይመታኛል። ቡሬ ስንደርስ የእግሬ ሥር ኩሬ ሆኖ ነበር።

«ይህን ላስቲክ አጣብቀህ አትገላገልም?» አልሁት።

«ሦስት ጊዜ አጣበቅሁት፤ በሦስት ዐይነት ማጣበቂያ። ሦስቱም ጊዜ ተላቀቀ» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ መልስ የተወለደ ነው። አሮጌ ኦቶሞቢል ያለው፣ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የሚወርስ፣ ወይም ከደመወዙ እያጠራቀመ አንዲት ያገለገለች መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወጣት አንባቢ ቢያነበው የማይጎዳ መስሎኝ ያየሁትንና የጠየቅሁትን እነሆ ጻፍሁ።

የጓደኛዬ ኦቶሞቢል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። መምህር የነበሩ አባቱ በሁለተኛ እጅ ገዝተዋት እስከ ዕለተ ሞታቸው ነድተዋታል። ቮልስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን ጐንበስ ተብሎ በሚገባባት በዚህችው በቮልስዋገን ነበር። ፋብሪካው ይህችን መኪና በጀርመን አገር መሥራቱን በ1978 (በአውሮፓ አቈጣጠር) አቁሟል፤ የመጨረሻይቱ ደግሞ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 ሐምሌ ወር ተሠርታ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። እኛ አገር ግን መኪና ጡረታ የሚወጣው ፋብሪካው ስለ ወሰነ አይደለም። ቮልሱም፣ ላዳውም፣ ፊያት ሴይቼንቶውም፣ ፔጆ 404ቱም፣ ላንድሮቨሩም ከሠሪዎቻቸው ዕድሜ አልፈው ሲሄዱ አይተናል። የአዲስ መኪና ቀረጥ የከበደ መሆኑ ከጥንትም የታወቀ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ስለዚህ አሮጌውን ጠብቆ ማቆየት እንደ ሌላው አገር የሀብታም ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ላስቲኩ ልመለስ። ብዙ ሰው የበር ላስቲክን እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል። ሞተሩ ቢያንኳኳ ዕንቅልፍ የማይወስደው ባለ መኪና ላስቲኩ ቢቀደድ «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» ይላል። ነገር ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ በበሩ የገባው ውሃ በምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ ምንጣፉም እንደ ስፖንጅ ይዞት ፀሐይ ከወጣ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አይደርቅም። በቮልስዋገን ላይ ደግሞ ጕዳቱ የባሰ ነው። በሁለቱም በሮች ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣ ክፍት የላሜራ ሣጥን አለ፤ ይህ ሣጥን የሙቀት መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋን አካል ደግፎ የያዘ የጎን አጥንት ነው። ዝገት ከውስጥ ሲበላው ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው በሩ አልገጥም ሲል ነው። ባትሪውም ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል ነው፤ የቆመበት ወለል በአሲድም በውሃም እየተበላ ተቀድዶ ባትሪው ሊወድቅ የደረሰባቸው መኪናዎች ጥቂቶች አይደሉም። ጓደኛዬ ምንጣፉን ገልጦ ሲያሳየኝ ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር። «አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላየውን ቀዳዳ እኔ በሦስት ክረምት አመጣሁት» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም።

በበጋ ደግሞ የአቧራ ወራት ነው። ከቡሬ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ጥርጊያ መንገድ የገባ ሰው በዚያ በላስቲኩ ክፍተት የሚገባውን ቀይ አቧራ ያውቀዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ለስብሰባ የወጣ ጸሐፊ ከበርበሬ ወፍጮ የወጣ መስሎ ይደርሳል።

ጓደኛዬ ያደረጋቸውን ሦስት ሙከራዎች በየተራ ላንሣ፤ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የሄደው ወደ ጎሚስታ ነበር። ላስቲክ ከሆነ ላስቲክ የሚያጣብቅ ሰው ያውቀዋል ብሎ ማሰቡ ስሕተት አይባልም። ጎሚስታው ካላማዳሪያ የሚለጥፍበትን ፈሳሽ በብሩሽ ቀብቶ ላስቲኩን ለጠፈለት። ሁለት ሳምንት ቈየ። ይህ ፈሳሽ በመሠረቱ በነዳጅ ነክ ፈሳሽ የሟሟ ላስቲክ ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው፤ ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1823 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ላስቲክን ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ናፍታ አሟሙቶ በሁለት ጨርቅ መካከል በመቀባት ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ሠርቶበታል። የጎሚስታው ማጣበቂያ ግን ከዚህ የሚለየው ከመጣፊያው ላስቲክ ጋር ተዋሕዶ እንዲበስል የሚያደርግ ቅመም ስላለበት ነው። ኀይሉ ያለው ከሁለቱ ላስቲኮች ጋብቻ ላይ ነው። በአንድ በኩል ላስቲክ፣ በሌላው በኩል ቀለም የተቀባ ላሜራ ሲሆንበት የሚያገባው አያገኝም። ቀለሙን ይነካዋል እንጂ አይጨብጠውም።

ሁለተኛው ሱፐር ግሉ ነው። ይህ ማጣበቂያ አመጣጡ የሚገርም ነው፤ ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1942 በጦርነቱ ጊዜ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን መስተዋት መሰል ነገር ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ አስቸጋሪ ብሎ ተወው። ከዓመታት በኋላ ጥቅሙ ታውቆ በ1958 ለገበያ ዋለ። የሚደርቀው ከአየር ላይ ባገኘው ጥቂት እርጥበት ነው፤ ስለዚህ በክረምት ቡሬ ላይ ከጥቅሻ ይፈጥናል። ጓደኛዬም የላይኛውን ማዕዘን ሲያደርግ ላስቲኩ አንድ ጣት ያህል ጠሞ ተያዘ፤ ሊያስተካክል ቢሞክር ተቀደደ፤ በዚያ ላይ አውራ ጣቱ ከበሩ ጋር ተጣብቆ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነው የተላቀቀው። ይህ ሁሉ ቢታለፍም ዋናው ጕዳቱ ሌላ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ላስቲክ ደግሞ ሥራው መተጣጠፍ ነው። በር በተዘጋ ቍጥር ላስቲኩ ሲጨመቅ ያ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ወሩ ሳይሞላ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ፍትሕ ለመስጠት ያህል ግን፣ ሁለት የተቈረጡ የላስቲክ ጫፎችን አፍ ለአፍ ለመግጠም ከሱፐር ግሉ የሚሻል የለም፤ አንድ ጠብታ ይበቃል።

ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። የመስኮት መስተዋት የሚታሸግበት፣ ከቱቦው ሲወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው። ጓደኛዬ በዚህ በጣም ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ውሃ አያስገባም ተብሎ ተሽጦለታላ! ሽታው ግን በከንቱ አይደለም። ያ ዐይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ እውነተኛ የኮምጣጤ አሲድ ይለቃል፤ ቀለሙ በተፋቀበት ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገትን ይጠራል። ጓደኛዬ ከስድስት ወር በኋላ ላስቲኩን ሲልጠው ከሥሩ ያገኘው መስመር የቡና አተላ ይመስል ነበር። ሲሊኮን ሌላም ጠባይ አለው፤ በነካው ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። ቀለም ቀቢ ሲቀባው የዓሣ ዐይን የሚመስል ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይሸሻል። አሲድ የማይለቅ ሲሊኮንም አለ፤ እሱም ቢሆን ለበር ላስቲክ ያለው ጭበጣ ደካማ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ የሚበጀው የትኛው ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን፤ ጓደኛዬ የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሰውየው መኪናዋን ከሩቅ ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ አባቱን ያውቋቸው ነበርና። በሩን ከፍተው ላስቲኩን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት ያለ አንዳች ትግል ወጥቶ በእጃቸው ቀረ።

«ጋሼ፣ የማይለቅ ማጣበቂያ ይንገሩኝ» አለ ጓደኛዬ።

«የማይለቅ ምን ያደርግልሃል? ላስቲክ እኮ ያረጃል። ነገ ስትለውጠው በመጥረቢያ ልትፈልጠው ነው?» አሉት።

የነገሩ ቍልፍ በዚች መልስ ውስጥ አለ። እኛ ማጣበቂያ ስንመርጥ ጕልበቱን ብቻ እንጠይቃለን። የበር ላስቲክ ግን ሸክም አይሸከምም፤ በሩ ራሱ ሲዘጋ ወደ ቦታው ይጫነዋል። ማጣበቂያው የሚጠበቅበት ላስቲኩ ከቦታው እንዳይንሸራተት መያዝ፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ላስቲኩ መተጣጠፍ፣ ቀለሙን አለመብላት፣ ፀሐይና ውሃን መቻል፣ በመጨረሻም ሲፈለግ ላሜራውን ሳይጎዳ መልቀቅ ነው። የፊት መስተዋት የሚለጠፍበትን ጥቁር ማጣበቂያ እንኳ ለዚህ ሥራ የሚያውሉ ሰዎች አሉ። ያ ማጣበቂያ በእውነት ኀያል ነው፤ ላስቲኩ ሲወጣ ቀለሙን አብሮ ገሽልጦ ይወስዳል።

ሽማግሌው ከመደርደሪያ ያወጡት ቆርቆሮ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ ጫማ ሰፊ ሶል የሚለጥፍበት ቢጫ ማስቲሽ ነው። ጓደኛዬ ፊቱ ላይ ቅሬታ ታየበት። ከከተማ የሚመጣ ልዩ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ።

ግን ማስቲሽን መናቅ አይገባም። መልካሙ የጫማ ማስቲሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ይህን ላስቲክ በ1930 በአሜሪካ አገር በዱፖንት ኩባንያ ላቦራቶሪ ያገኘው አርኖልድ ኮሊንስ የተባለ ኬሚስት ነው፤ የሥራው መሪ ዋላስ ካሮዘርስ በኋላ ናይሎንን ያስገኘው ሰው ነበር። ኒዮፕሪን ከዛፍ ከሚገኘው ላስቲክ ይልቅ ዘይትን፣ ፀሐይንና ዕድሜን ይችላል። ሲደርቅም ላስቲክነቱን አይተውም። አሠራሩም ከሌላው ሙጫ ይለያል፤ አናጢ በኮላ ሲያጣብቅ እርጥቡን ገጥሞ አስሮ ያሳድራል፤ ማስቲሽ ግን በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ ለየብቻው አየር አግኝቶ፣ በጣት ሲነኩት ጣት የማይከተል ሲሆን ነው የሚገናኘው። የተገናኘ ዕለት ደግሞ የሚቈጠርለት የጭነቱ ብርታት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ጫማ ሰፊው ሶሉን ለጥፎ በመዶሻ ቶሎ ቶሎ የሚቀጠቅጠው ለዚህ ነው።

በውጭ አገር ለዚሁ ለበር ላስቲክ ተብሎ የሚሸጥ ማጣበቂያ መኖሩንም መናገር ተገቢ ነው። የታወቀው ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ነው፤ ቢጫም ጥቁርም አለው፤ ጥቁሩ በጥቁር ላስቲክ ጠርዝ ላይ ቢፈስ አያሳፍርም። ቢጫውን የአሜሪካ መካኒኮች «የጎሪላ ንፍጥ» ይሉታል፤ ያየው ሰው ስሙን አይቃወምም። ይኸው ኩባንያ ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ጋር የቈየ ዝምድና አለው፤ ቀለም ሲቀባ የማይቀባውን ክፍል መሸፈኛ የሆነውን የወረቀት ፕላስተር በ1925 ያወጣው የእሱ ሠራተኛ ሪቻርድ ድሩ ነበር። ያን ማጣበቂያ ያገኘ ሰው ቢጠቀምበት አይቈጭም። ያላገኘ ግን ሥራውን ይተው ዘንድ ምክንያት የለውም።

ሽማግሌው ግን ስለ ማጣበቂያው የተናገሩት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረውን ቀን የፈጀው ጽዳት ነው። «ማስቲሹ ምን በደለህ? ባልታጠበ ሰሃን ወጥ እያወጣህ!» አሉት ጓደኛዬን። የሦስቱ ሙከራዎች ቅሪት እንደ ንብብር ድንጋይ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋግሮ ነበር። በብረት መፋቂያ ቢነካ ቀለሙን ስለሚቧጭር ከእንጨት በተቀረጸ መፋቂያ ላጥነው። የቀረውን ጨርቅ ላምባ አስነክተን እያለሰለስን አነሣን፤ ላምባው የተወውን ቅባት ደግሞ በአልኮል ደጋግመን ወለወልን። ጓደኛዬ ቲነር ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉት፤ ቲነር ከማጣበቂያው ቀድሞ የመኪናውን ቀለም ያነሣል። ቤንዚንም ቢሆን ለላስቲክ አይሆንም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ሲተንም የቅባት ፊልም ይተዋል። ዝገት የጀመረውን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አንቲራስት ቀብተን አሳደርነው። በማግሥቱ እሑድ ስለ ነበረ ሽማግሌው አልሠራም አሉ። ሰኞ ደግሞ እኛ ሥራ ነበረን። ስለዚህ ጓደኛዬ ያለ በር ላስቲክ አንድ ሳምንት ሙሉ ነዳ፤ ልዩነቱን አላወቀውም አለኝ።

አዲሱን ላስቲክ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በዚያ ዘመን የመኪና ላስቲክ ከተፈጥሮ ጎማና ከመሰሎቹ ይሠራ ነበር፤ በዛሬው ገበያ ያለው ብዙው ግን ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ይህ ላስቲክ ፀሐይን በመቋቋም ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን ገጹ ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ማጣበቂያን አይወድም። ማስቲሽ የማይዝበት ጊዜም አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ የቀረ የቅርጽ ማውጫ ቅባትም ይኖርበታል። ስለዚህ የሚጣበቀው ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ድረስ ይፈተጋል፤ ከዚያም በአልኮል ይወለወላል። የኔን ምክር የሚሰማ ቢኖር ደግሞ ከላስቲኩ ትርፍ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቈርጦ፣ ቀለም በተቀባ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በዚያው በመረጠው ማጣበቂያ ለጥፎ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ፣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቈይቶ ይሳበው። የቆርቆሮው ላይ ፈተና ዋጋው ኢምንት ነው። የጫማ ማስቲሽ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ከሙቀት ሲደርስ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከደጋ ብርድ ወደ በረሃ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ በፀሐይ የቆመ ጥቁር ላሜራ እጅ እስኪያቃጥል እንደሚግል ሁሉም ያውቃል። ከደጋ ሲለጠፍ ያማረው ማጣበቂያ ዓባይ በረሃ ላይ ሲፈታ ያየ ሾፌር ሞልቷል።

ሥራው የተፈጸመው በነሐሴ መጀመሪያ በአንድ ብራ ቀን ነው። ብራውን የጠበቅነው ለመዝናናት አይደለም። የማስቲሹ መሟሚያ ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ እንደ ጤዛ ያለ ውሃ በላዩ ያርፋል፤ ማስቲሹም ነጣ ብሎ ጭበጣውን ያጣል። እኛ ከመድረሳችን በፊት አንድ ረዳት ልጅ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ ሊያቀርብ ሲል ሽማግሌው ጮኹበት። የማስቲሽ ትነት ከአየር የከበደ ነው፤ በመሬት ላይ ተስቦ ከእሳቱ ይደርስና እሳቱን ይዞ ይመለሳል።

ላስቲኩ በመጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ በበሩ ዙሪያ ተገጥሞ ተለካ። በዚህ ዐይነቱ ቮልስ ላስቲኩ የሚለጠፈው በበሩ ላይ ነው፤ ማዕዘኖቹ ቅርጽ ተሰጥቷቸው የመጡ ስለሆኑ በቅድሚያ ቦታቸውን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከዚያ በማዕዘንና በማዕዘን መካከል ያለው ቀጥታው ክፍል ይከተላል። ጓደኛዬ ትርፍ የመሰለውን ቈርጦ ሊጥል መቀስ አንሥቶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ሽማግሌው እጁን ያዙት። ላስቲክ ሲለጠፍ መለጠጥ የለበትም፤ የተለጠጠ ላስቲክ በወራት ውስጥ ወደ ልኩ ለመመለስ ይታገላል፤ ማዕዘኑንም ይልጣል። ይልቅ በመጠኑ ሰብሰብ ብሎ ቢገባ ይሻላል። ማስቲሹ በአንድ ጊዜ በበሩ ዙሪያ ሁሉ አልተቀባም፤ አንድ ክንድ ያህል እየተቀባ፣ አሥር ደቂቃ ያህል እየተጠበቀ፣ በአውራ ጣት እየተጫነ ነው የተሄደው። በመጨረሻ የላስቲኩ ከንፈር ከአካሉ ጋር እንዳይጣበቅ የሕፃናት ፓውደር ተነሰነሰበትና በሩ በዝግታ ተዘግቶ አደረ።

የተሠራው ሥራ በትክክል መግጠሙን ለማወቅ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው። ወረቀቱ እንደ ልቡ ከወጣ በዚያ ቦታ ላስቲኩ አልነካም ማለት ነው፤ ተጨንቆ ከወጣ ደግ ነው። የላስቲኩን ከንፈር ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትም ይቻላል፤ ጠመኔው በአካሉ ላይ ያላተመበት ቦታ ክፍት ነው። እኛ ያልነካ ቦታ ያገኘነው በአንደኛው ማጠፊያ አጠገብ ነበር። ጥፋቱ ግን የላስቲኩ አልነበረም፤ በሩ ራሱ ወርዷል። ማጠፊያው ከፍ ተደርጎ እንደ ገና ሲጠብቅ ተስተካከለ። በሩ የወረደ መኪና ላይ የዓለምን ማጣበቂያ ሁሉ ቢያፈሱ ውሃው መንገድ አያጣም።

ስለ ማስቲሽ ካነሣሁ አንድ የከበደ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአዲስ አበባም በክፍላተ ሀገርም ከተሞች ጎዳና ላይ የወደቁ ልጆች ይህንኑ ማስቲሽ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ሲስቡ እናያለን። ረኀብንና ብርድን ለማስረሳት ይሉታል። በውስጡ ያለው ቶሉዊንና መሰሉ መሟሚያ አንጎልን፣ ነርቭንና ልብን የሚጎዳ ነው፤ በድንገትም ሊገድል ይችላል። በዚያ ቀን እኛ እንኳ በሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በተከፈተ አየር እየሠራን፣ ከሰዓት በኋላ ራሳችንን አሞን ነበር። ሽማግሌው ሥራው ሲያልቅ ቆርቆሮውን አሽገው በቍልፍ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። «ለምን ይቆልፉታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። አንድ የአሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ከቆርቆሮው ላይ አላነሣም ነበር። ሽማግሌው ጠርተው ዳቦና ሻይ ሰጡት።

በመስከረም መጨረሻ ሥራዬ እንደ ገና ወደዚያው አገር ወሰደኝ። ጓደኛዬ ወለሉን ባትላሜራ ቤት አስገብቶ የተበላውን ቦታ በአዲስ ላሜራ አስለውጧል፤ ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር የከፈለው ቀላል አልነበረም፤ የማስቲሹ ዋጋ ግን ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም ነበር። በዚህ ጊዜ ፌስታል አልሰጠኝም። ገብቼ በሩን ብዘጋው መልሶ ከፈተኝ፤ በኀይል ብወረውረው አሁንም መልሶ ገፋኝ። ተበላሽቷል ብዬ ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ።

«መስኮትህን ጥቂት ዝቅ አድርግ» አለኝ እየሣቀ።

እውነትም የቮልስ ነገር ይህ ነው። ላስቲኳ ደኅና የሆነች ቮልስ አየር የሚወጣበት ስለማትተው፣ መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተው ሳለ በሯ አይዘጋም፤ የታመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል። መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ ሳደርግ በሩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ማንኩሳ ስንደርስ የመጨረሻው የክረምት ዝናብ ያዘን። ጕልበቴን ስዳስሰው ደረቅ ነው። ጓደኛዬ ግን ዐይኑን ከፊት መስተዋቱ ታችኛ ማዕዘን ላይ ተክሎ ነበር፤ እዚያ አንዲት ጠብታ ቀስ እያለች ታድጋለች።

«ያኛውስ ላስቲክ?» አልሁት።

«ያ በማስቲሽ የሚያዝ አይደለም፤ መስተዋቱን ማውጣት ይጠይቃል። ጋሼ ከጥምቀት በኋላ ና ብለውኛል» አለና ፎጣውን አቀበለኝ።